እስከ የኔታ አጥር

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከገበያው እስከ ጣና ዳር ያለውን መሬት በእጄ ለክቼዋለሁ፤ በመቶ ሜትር አንድ ስንዝር እንኳ የማይዘቀዝቅበት ቦታ አለ። ዝናብ ሲጥል ውኃው ይቆማል። መንገድ ካልተቀደደለት እዚያው ሰንብቶ ይሸታል፤ ከዚያ ወባ ይከተላል። መንገዱን መቅደድ የማዘጋጃ ቤቱ የቴክኒክ ክፍል ሥራ ነበር፤ እኔም በዚያ ክፍል በጊዜያዊነት የተቀጠርሁ መሬት ለኪና ፕላን ነዳፊ ነበርሁ።

ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም። የቀረውን ከመጋዘን ከተጣሉ አሮጌ ፕላኖች እየገለበጥሁ ለብቻዬ ነው ያጠናሁት። የመሥሪያ ቤቱ የመሬት መለኪያ መነጽሩ ተሰብሮ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ስለነበር፣ ሃያ ሜትር ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልቼ፣ ጫፍና ጫፉን በሁለት እንጨት ላይ አስሬ እለካ ነበር። ውኃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ልዩነቱን ከእንጨቱ ላይ አነባለሁ። በግማሽ ሳንቲሜትር ስሳሳት እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ለዚህ ጠባዬ ይስቁብኝ ነበር።

የከተማ ገንዘብ እንዴት እንደሚመጣ ላልሠራበት ሰው ማስረዳት ይቸግራል፤ ነገር ግን እሱን ሳልናገር የሆነውን መናገር አልችልም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ አንድ ቀን ይጀምራል። የተፈቀደው ገንዘብ ግን ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገሩ፣ ከክፍለ ሀገሩ ወደ እኛ፣ ከማኅተም ወደ ማኅተም ሲንከባለል ከርሞ ግንቦት ላይ ይደርሳል። እስከ ሰኔ ሠላሳ ያልተሠራበት ተመላሽ ነው። መመለስ ደግሞ ቅጣት አለው፤ በሚቀጥለው ዓመት «የአምናውን መች ጨረሳችሁ?» ተብሎ ይቀነሳል። ስለዚህ በበጋ፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ መቆፈር የነበረበት የጎርፍ ቦይ በየዓመቱ ሰኔ ውስጥ በጭቃ ይቆፈራል።

ያን ዓመት የመጣው ገንዘብ ከገበያው ተነሥቶ፣ ግሽ አባይ ሰፈርን አቋርጦ፣ ጣና የሚገባ የድንጋይ ቦይ ያሠራ ነበር። ድንጋዩንና ሲሚንቶውን ያሰላሁት እኔ ስለሆንሁ አውቃለሁ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ግን ለመስከረሙ የአብዮት በዓል ከአደባባዩ ላይ ቅስት ይቁም የሚል ትእዛዝ መጣ። ለቅስት የተያዘ ገንዘብ አልነበረም። የነበረው የቦዩ ነው። የክፍላችን ኃላፊ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ገንዘቡን ከአንዱ የበጀት አርዕስት ወደ ሌላው አዛወረና ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«እስከዚህ ሣለው» አለኝ በእርሳሱ ጫፍ እየነካ። «ብሩ የሚያደርሰን እዚህ ድረስ ነው።»

«ከዚያስ ውኃው የት ይሄዳል?»

«ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት።»

ራሱ ሳቀ። እኔ እርሳሱ የቆመበትን ቦታ እያየሁ ነበር። የኔታ አጥር ላይ ነው።

የኔታ ፊደል ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው። ከጣና ገዳማት በአንዱ መጽሐፍ ሲጽፉ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ወደ ከተማ ወጡ። ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረቻቸው። እዚያ ብራና እያዘጋጁ ለጸሐፍት ይሸጣሉ። የፍየሉን ቆዳ በእንጨት ወጥረው ይፍቃሉ፣ ያደርቃሉ፣ ጠቅልለው ግድግዳው ላይ ይሰቅላሉ። የደረቀ ብራና እርጥበት ከነካው ተጨማዶ ይቀራል፤ ስለዚህ ያቺ ቤት ደረቅ ሆና መክረሟ ለእሳቸው እንጀራ ነበር። ቤቷ ደግሞ በእኔ ቱቦ ልክ ከመንገዱ ስድሳ ሁለት ሳንቲሜትር ዝቅ ትላለች።

መስመር ማስመርንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጸሐፊ ከመጻፉ በፊት በብራናው ዳርና ዳር በወስፌ ጥቃቅን ነጥብ ይወጋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ ነው መስመሩ የሚሰመረው። «ዓይንህን አትመን፤ ነጥቡን በጣትህ ዳብሰው» ይሉኝ ነበር።

ቦዩን እስከ አጥራቸው ሣልሁት። ነገር ግን በሜዳ መሐል የሚያልቅ ቦይ ሥዬ መተው አልቻልሁም፤ እጄ እምቢ አለ። ከአጥሩ እስከ ሐይቁ ያለውን በነጠብጣብ ቀጠልሁት። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበርና ነጠብጣቡ በየኔታ ቤት መሐል ለመሐል አለፈ። ኃላፊዬን ፊት ለፊት «ይህ ሰው ይጥለቀለቃል» ማለት ነበረብኝ። ቋሚ የምሆንበት ደብዳቤ ግን እሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በነጠብጣቡ ጎን በደቃቅ ጽሕፈት «የቦዩ ቀጣይ መስመር፤ እስኪጠናቀቅ ውኃ ይተኛበታል» ብዬ ጻፍሁ። ቢያነበው ይደነግጣል ብዬ ነበር። ሳያነብ ፈረመበት።

ቁፋሮው በዘመቻ ሆነ፤ ጉልበት ከበጀት አይወጣም። በየእሑዱ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል። ያልወጣ ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና አያገኝም። የኔታም ጋቢያቸውን አጥራቸው ላይ ጥለው ወጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በቦዩ ዳር ይመላለስ ነበር።

«የኔታ፣ ቅኔ ይዝረፉለት እንጂ!» አለ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ድንጋይ ሲያስቸግራቸው አይቶ። «ራሱ ይወጣል!»

«ፍየል መፋቅ ይሻል ነበር፣ አይደል አባባ?» አለች ከጎኑ ያለችው።

«ፍየሉም እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ይግደረደራል» አሉ የኔታ። ሰው ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ሳቁን አልወደደውም። «ደብተራው! ዛሬ ሰንበት ነው ብለው አካፋውን እንዳያባብሉት። መላእክቱም ዘመቻ ወጥተዋል።»

«እንግዲያው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኛ፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉና ጎንበስ አሉ።

ጥልቀቱን እየለካሁ አጠገባቸው ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ። ላባቸው ከቅንድባቸው ይንጠባጠባል።

«ልጄ፣ ይህ ቦይ ከኔ አጥር ወዴት ያልፋል?»

«ወደ ሐይቁ፣ የኔታ።»

«መቼ?»

ቱቦውን መጠቅለል ጀመርሁ። «ሲጠናቀቅ» አልሁ።

ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ያን ጊዜ «አጥርዎን በአፈር ይገድቡ፣ ብራናዎን ወደ ሌላ ቤት ያሽሹ» ብላቸው አሥር ቀን ያህል ጊዜ ነበራቸው። እሳቸው በእጃቸው እየቆፈሩ ያሉት ጎርፉ ወደ ቤታቸው የሚመጣበትን መንገድ መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሰኔ ሠላሳ ቀን ኃላፊዬ፣ ሊቀመንበሩና የሒሳብ ሹሙ «ሥራው ሙሉ በሙሉ ተጠናቋል» በሚል ወረቀት ላይ ፈረሙ። ካልተጠናቀቀ ቀሪው ገንዘብ አይወራረድም፤ ቀሪው ገንዘብ ደግሞ ለቅስቱ የሚሆን ቀይ ቀለምና ቆርቆሮ ሆኖ መጋዘን ገብቷል። ቦዩ ሐይቁ ለመድረስ ዘጠና አራት ሜትር ይቀረው ነበር።

ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ዋናው ዝናብ መጣ። ቦዩ በደንብ ሠራ። ይህን መመስከር አለብኝ፤ ተዳፋቱ የኔ ልክ ነበር፣ አንድም ቦታ ውኃ አልተኛበትም። ገበያተኛው በረንዳ ላይ ቆሞ ውኃው ሲጠረግለት እያየ ያጨበጭብ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ሮጬ ወረድሁ። የየኔታ አጥር ተገንድሶ፣ ቤቱ ውስጥ ውኃው ጉልበት ደርሷል። የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ፣ የከብት እበት ይዋኛል። ከግድግዳው የወደቁት የብራና ጥቅሎች እንደ ረጠበ ጨርቅ ተልፈስፍሰዋል። የኔታ አልጋቸው ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።

«የገበያው ነው» አሉኝ ውኃውን እያዩ። «ሽንኩርቱን አየኸው?»

በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤት መጡ። ጭቃው እስከ ባታቸው ደርቆባቸዋል። ኃላፊዬ ወንበር አስቀረበላቸው፤ ከዚያ ፕላኑን አስመጣኝና ዘረጋው። ነጠብጣቡን ያን ጊዜ ገና አየው። ጎንበስ ብሎ የኔን ደቃቅ ጽሕፈት ጮክ ብሎ አነበበ። ፊቱ ሲበራ አየሁ።

«ይኸውና ተጽፏል። ውኃ ይተኛበታል ይላል። እርስዎ እኮ ቦይ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ አባት።»

«ቤቴ ከቦዩ በፊት ነበር፣ ጌታዬ።»

«መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ቦዩም የመንግሥት ነው። መሐል ገብተው የቆሙት እርስዎ ነዎት።»

የኔታ ባታቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጣታቸው ፈቀፈቁ። «እንግዲህ ልቀቅ ካላችሁኝ፣ ለሌላ ጎጆ መሥሪያ የሚሆን ነገር…»

«ለሲሚንቶ አርዕስት አለኝ» አለ ኃላፊዬ በዚያው ለስላሳ ድምፁ። «ለአሸዋ አርዕስት አለኝ። ለሰው አርዕስት የለኝም። ከሌለ አርዕስት ብር ባወጣ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

ለቅስቱ ሲሆን አርዕስት አላጣም ነበር። እኔ ግን ፕላኑ እንዳይጠቀለል ጥጉን ይዤ ቆምሁ።

የኔታ ወረቀቱን አነሡና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ጣታቸውን በነጠብጣቡ ላይ ቀስ እያሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱት።

«ማን ነው የሠራው?»

ኃላፊዬ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«እጁ ጥሩ ነው» አሉ የኔታ። ወረቀቱን መልሰው አስቀምጠው፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ።

ነሐሴ ላይ ከክፍለ ሀገሩ መርማሪዎች እንደሚመጡ ተሰማ። በተጠናቀቀ ቦይ ጫፍ የተጥለቀለቀ ቤት ቢያገኙ ጥያቄው ብዙ ነው። ሊቀመንበሩ መላ አገኘ። «ቤት ከሌለ» አለ ኃላፊዬ ቢሮ ውስጥ ሻይ እየጠጣ፣ «ጎርፍ የገባበት ቤት አይኖርም።» በዚያ ላይ ለመጪው ዓመት ገንዘብ ሲጠየቅ መስመሩ ከማንኛውም ግንባታ ነጻ መሆኑ መገለጽ ነበረበት። በእኔ ነጠብጣብ መሠረት ተብሎ የአሥራ አምስት ቀን ማስጠንቀቂያ ተጻፈ። መስመሩ ላይ ችካል እንድተክል እኔ ተላክሁ።

ችካል በየአሥር ሜትሩ ነው። ከአጥሩ ጀምሬ ለካሁ። ሁለተኛው ችካል ቤቱ ውስጥ፣ አልጋው አጠገብ ዋለ። ሜትሩን በሩ ላይ ይዤ ቆምሁ። የኔታ ከመሬት ላይ አጎዛቸውን አነሡና ቦታ ለቀቁልኝ። በመዶሻ መታሁት፤ መሬቱ ገና እርጥብ ስለነበር በአራት ምት ገባ።

ቤቱ የፈረሰው በእሑድ ዘመቻ ነው፣ ቦዩን በቆፈሩት ሰዎች፣ በዚያው አካፋና ዶማ።

«ቶሎ በሉ፣ ዝናቡ ሳይመጣብን!» ይላል ያ የፋብሪካ ሠራተኛ።

«ኧረ በሩን ቀስ! በሩ ለእኔ ነው!» ትላለች ያቺው ሴት።

የጣሪያውን ስድስት ቆርቆሮ ቀበሌው ወሰደ። ጭቃውን ማንም ስላልፈለገው ዝናቡ ወሰደው። ወለሉ ተቆፍሮ ጉድጓድ ቀረ፤ ችካሌ ከመሐሉ ቆማለች፣ የመንግሥት ናት ተብሎ ማንም አልነካትም። መርማሪዎቹ መጥተው፣ ቦዩን አይተው፣ ዓሣ በልተው ሄዱ።

የኔታ ወደ ደቅ ደሴት ሄዱ፤ እዚያ የእኅታቸው ልጅ ነበር። መወጠሪያ እንጨቶቻቸውንና የተረፉትን ሦስት ጥቅል ብራና እስከ ጀልባው ድረስ የተሸከምሁት እኔ ነኝ። ባለጀልባው ዕቃውን ሲቀበለን የኔታ ዱላቸው ላይ ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያቺን ችካል ወደ ውጭ፣ ወደ ግድግዳው ማዶ ብታስጠጋት ምን ትሆን ነበር?»

«መስመሩ ይሳሳት ነበር፣ የኔታ።»

«በስንት?»

«በአንድ ሜትር ከአርባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሴ የተበላሸ ይሁን የተስተካከለ አልነገሩኝም። ባለጀልባው እጃቸውን ይዞ አስገባቸው፤ ሲሄዱ ወደ ኋላ አላዩም።

በመስከረም ቅስቱ ቆመ። እኔም ቋሚ ሆንሁ፤ ደብዳቤዬ «ለሥራው ጥንቃቄ ያለው» ይላል። ለቀሪው ዘጠና አራት ሜትር የጠየቅነው ገንዘብ ግን ተከለከለ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ ሥራው ሙሉ በሙሉ መጠናቀቁ በፊርማችሁ የተረጋገጠ ስለሆነ ተጨማሪ በጀት አይፈቀድም። በተከታዩ ዓመት ጠየቅን፤ መልሱ ያው ነው። የገበያው ውኃ በየክረምቱ ወርዶ የኔታ ቤት የነበረበት ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ሰፈሩ እዚያ ቆሻሻ ይደፋል።

ኃላፊዬ ግን መጠየቁን አልተወም፤ ልማድ ነው። በየግንቦቱ ፕላኑን አዲስ ወረቀት ላይ እንድገለብጠው ያዘኛል። ድንጋዩን በድፍን መስመር እስከ አጥሩ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጣና በነጠብጣብ እገለብጠዋለሁ። አሁን በነጠብጣቡ ላይ ቤት የለም፤ ከጎኑም የምጽፈው ነገር የለኝም።