መጎናጸፊያ የለበሰው ሶላር

ስለ ከርሰ ምድር እንፋሎት ግጥም ስጽፍ እንፋሎቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም አላየሁትም። ሰቆጣ ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ፤ ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት ደግሞ የራሴን ስንኝ እተይባለሁ። አንድ ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የግጥም ውድድር ማስታወቂያ ይዛ መጣች። ርእሱ ታዳሽ ኃይል ነው፤ ፀሐይና የከርሰ ምድር እንፋሎት። ሃምሳ አባዝቼ ሰጠኋትና ሃምሳ አንደኛውን ለራሴ አስቀረሁ።

ከውድድሩ በፊት ገለጻ ነበር። መብራት ስለጠፋ ስለ ፀሐይ የተነገረን ሁሉ በናፍጣ ጄኔሬተር በሚሠራ ድምፅ ማጉያ ነው። ጄኔሬተሩ መስኮቱ ሥር ቆሞ ስለሚያጓራ ባለሙያው ይጮኻል። ነጫጭ ቱቦዎችና ጭስ የመሰለ ነገር ያለበት ሥዕል አሳየንና፣ በስምጥ ሸለቆ በኩል መሬቱ ተቆፍሮ ከታች የሚወጣው እንፋሎት መብራት እንደሚሆን ነገረን። ከቆላው የመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ።

«እኛም ዘንድ ፍል ውሃ አለ» አሉ። «ቁርጥማት ያለበት ሁሉ ይታጠብበታል። አምፖል ሲበራበት ግን አላየንም።»

«አባቴ፣ የእርስዎ ውሃ ሙቀቱ አይበቃም። በጥልቀት መቆፈር አለበት።»

«ስንት ድረስ?»

«በጣም ወደ ታች።»

«ከታች ያለው እሳት የማን እንደሆነ እኮ እናውቃለን» ብለው ተቀመጡ። አዳራሹ ከጄኔሬተሩ በላይ ሳቀ።

እኔ እንፋሎቱን በሁለት ስንኝ አልፌ ቀሪውን ለሶላሩ ሰጠሁት። ዳኞቹን አስጨበጨበ የተባለው ይህ ነው፦

ከሰማይ የወረድሽ የብርሃን ጽላት፣
መንበርሽ ብረት ነው ልብስሽ መስታወት።

አንደኛ ወጣሁ። ሽልማቱ ራሱ ሶላር ነበር፤ አንድ ገበታ የሚያህል መስታወት፣ አንድ ባትሪ፣ ሁለት አምፖልና የስልክ መሙያ። በማግስቱ ተሸክሜው በሚኒባስ አምደወርቅ ገባሁ፤ ከዚያ በአህያ ወደ እናቴ መንደር አቀናሁ። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ገዛህ ወይ ይለኛል።

እናቴ ሶላር ያስፈለጋት ለመብራት አልነበረም። እህቴ ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። እሑድ እሑድ፣ ማዳሟ ዘመድ ልትጠይቅ ስትወጣ፣ ትደውላለች። የእናቴ ስልክ ግን ቻርጅ የሚደረገው አምደወርቅ ነው፤ ገበያተኛ ይዞት ሄዶ ይዞት ይመለሳል። አንዳንዴ ስልኩ ገበያ ውሎ ጠላ ቤት ያመሻል። እህቴ ደውላ የማታውቀው ሰው «ሄሎ፣ እናትሽ የለችም፣ እኔ ግን ደኅና ነኝ» ያላት ቀን ነበር።

ሶላሩን ከአህያው ላይ ሳወርድ እናቴ ዙሪያውን ዞረችውና «ይሄ ላንተ የተሰጠ ነው?» አለች።

«ላንቺ ነው።»

«የእኔ ከሆነማ ለማርያም ነው።»

እህቴ ባሕር ስትሻገር እናቴ «ልጄ በሰላም ከገባች ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ልጅቷ ከገባች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጃንጥላው ግን አልገባም። ይህ ነገር እናቴን እንቅልፍ ይነሳታል፤ ጸሎት ላይ የማርያምን ሥዕል ቀጥ ብላ አታይም።

«እማ፣ የተሳልሽው እኮ ጃንጥላ ነው» አልኋት።

«ጃንጥላ ፀሐይ ይከለክላል። ይሄ ፀሐይ ይሰበስባል። የትኛው ይበልጣል?»

ባለሙያው ሁለት ሰዓት ጮኾ ያልገለጸውን በአንድ ትንፋሽ ገለጸችው። ደግሞም ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ ክርክሯ የሚያስኬድ ነበር። ሶላሩ ዕቃ ቤቱ ጣራ ላይ ይሰቀላል፣ ዕቃ ቤቱን ያበራል፣ እሑድ እሑድ ደግሞ የምእመናን ስልክ ይሞላል፤ የእናቴ ስልክ መጀመሪያ። ቄሱ ከቅዳሴ በኋላ አወጁት፤ እልልታው ቀለጠ።

«እስቲ አሠራሩን ንገረን» አሉኝ ቄሱ።

ከካርቶኑ የወጣው ወረቀት ላይ ያለውን ቋንቋ እኔም አላነበውም። እልልታው ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። አሠራሩን ልንገር ብዬ ቆምሁና ግጥሙን አነበብሁላቸው። «ከሰማይ የወረድሽ የብርሃን ጽላት» ስል አንዲት ባልቴት ተሳለሙ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ማብራሪያ ያለ አልመሰለኝም። በማግስቱ ወደ ሰቆጣ ተመለስሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከአምደወርቅ የመጣ የሚኒባስ ረዳት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ መጥቶ «እናትህ ያ ያመጣኸው ነገር ሞቷል፣ ቶሎ ና ብላሃለች» አለኝ። ወዲያው በእኔ ስልክ እህቴ እሑድ የላከችው የድምፅ መልእክት ገባ። ኮንትራቷ እያለቀ ነው። ማዳሟ ለሌላ ሁለት ዓመት ፈርሚ እያለች ታስቸግራታለች። «እማ ነይ ካለችኝ ዕቃዬን ይዤ እመጣለሁ። ዝም ካለችኝ ልፈርም ነው። ሁለት እሑድ ደወልሁ፤ ስልኩ አይሠራም። በሚመጣው እሑድ እደውላለሁ። አንተ አትንገረኝ፤ ከራሷ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።»

መልሼ ደወልሁላት፤ ተዘግቷል። ማዳሟ ስልኳን ቆልፋ ታስቀምጣለች፤ የምትሰጣት እሑድ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጉብታው ላይ ደረስሁ። ሶላሩ ዕቃ ቤቱ ጣራ ላይ አለ። መስታወቱ ግን አይታይም። ዘርፉ ቢጫ የሆነ ቀይ የከፋይ መጎናጸፊያ ለብሷል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ነጭ ጋቢ ተደርቦበታል።

«አባ፣ ይህን ማን አለበሰው?»

«ለክብረ በዓሏ አንዲት ምእመን በስለት አስገባችው» አሉ ቄሱ ደስ ብሏቸው። «መልኩ ገጠመ፣ አይደለም?»

«ከዚያ በኋላ ነው መሥራት ያቆመው?»

«ቀስ በቀስ ደከመ። ፀሐዩ አቃጥሎት ነው ብለን ጋቢውን ደረብንለት።»

መሬት ላይ ተቀመጥሁ። «አባ፣ ይህ ነገር የሚበላው ፀሐይ ነው እኮ። በረኃብ ነው የገደላችሁት።»

ቄሱ አልተናደዱም። ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «እንዲያው ልጠይቅህ፤ ጽላት ነሽ ያልኻት አንተ አይደለህም?»

«ግጥም ነው እኮ አባ።»

«በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ሕዝብ ፊት ቆመህ ነው ያልኸው። እኛ ጽላት ራቁቷን ስትታይ አላየንም። ልብሷ መስታወት ነው ብለህ ጥለሃት ሄድህ። እኛ አለበስናት። ማን ነው ያጠፋ?»

በሕይወቴ ግጥሜን ከልቡ የሰማኝ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፤ ዳኞቹ ያጨበጨቡለትን እሳቸው አምነውበታል።

«አሁን እንግለጠው፤ ነገ እህቴ ትደውላለች፤ የእኔም ስልክ መንገድ ላይ ባትሪው አልቋል» አልሁ።

«የተሰጠ ልብስ አይገፈፍም።» ይህን ሲሉ ፊታቸው ጠጠረ። «ሴትዮዋ ምን ትላለች? የገባ ንዋየ ቅድሳት በአንተ ስልክ ምክንያት?»

ባትሪ፣ ሽቦ፣ ጨረር እያልሁ ባለሙያው እንደጮኸው ጮኽሁ። አልሰሙኝም። እናቴ እስከዚያ ድረስ ከግቢው ዋርካ ሥር ቆማ ትሰማን ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ ቀረብ አለችና ጎንበስ ብላ «አባቴ» አለች፤ «የቤተ መቅደሱ መጋረጃስ በቅዳሴ ጊዜ ይከፈት የለም?»

ቄሱ ወደ ቤተ መቅደሱ ዞረው አዩ።

«ይከፈታል» አሉ በመጨረሻ። «በሰዓቱ ይከፈታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል።» ተነሡ። «እንግዲያስ ፀሐይ ስትወጣ እንገልጣለን፣ ስትገባ እንጋርዳለን። ይህ ሥርዓት ነው።»

ከዚያ የተሻለ የሶላር አያያዝ መመሪያ እስከ ዛሬ አላነበብሁም። ለሶላሩ በሌሊት መልበሱ ምኑም አይደለም። ማታ የእህቴን መልእክት ለእናቴ ነገርኋት።

እሑድ ጠዋት ቄሱ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ከፋዩን ገለጡ፤ ከታች የቆሙት ሴቶች ሰገዱ። እኔ ጣራው ላይ ወጥቼ በሸሚዜ እጅጌ አቧራውን ጠረግሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ባትሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ሽቦው አጭር ስለሆነ እናቴ ስልኩን እንደተሰካ ይዛ፣ ጉንጭዋን ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ጋር አጣብቃ ቆመች። እዚያው ቆማ ጠበቀች። ሰው ቤቱ ገባ፤ እሷ አልነቃነቅም አለች።

ስልኩ ጮኸ።

«እንዴት ሰነበትሽ ልጄ? ጤናሽ? ጉልበትሽ? ሰዎችሽ ደኅና ናቸው?» አለች። የእኛ ሰላምታ ረጅም ነው፤ እኔ አረንጓዴዋን መብራት እያየሁ እጄን አወናጨፍሁ። እናቴ ገባት። አማርኛውን ትታ በቤት ቋንቋችን በኽምጣኛ፣ ልጅ ሳለን ከእሳት ስታርቀን በምትናገርበት ድምፅ፣ «ነይ» አለቻት። ደግማ «ነይ» አለቻት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሽቦውን ጫን አደረግሁት።

«እማ» አለች እህቴ፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ስላለ እኔም እሰማታለሁ። «ሐሙስ ፈረምሁ። ማዳም ከእሑድ በፊት ካልፈረምሽ አለችኝ። ሁለት እሑድ ዝም ስትይኝ ተቆጥተሽ መሰለኝ።»

እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። «አልተቆጣሁም» አለች። «ስልኩ ነው። ምን ልቆጣ።» ከዚያ ስለ ገብሱ፣ ስለ ላሚቱ፣ ስለ ጎረቤት ሠርግ ነገረቻት። ባትሪው እንደሆነ ሞልቷል፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል አውርተው አያውቁም።

ሲጨርሱ ስልኩን ነቅላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወደ ቤተ መቅደሱ ዞራ ቆመች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እየወረድን ሳለ ምን እንደተሳለች ጠየቅኋት።

«ከሁለት ዓመት በኋላ በሰላም ትግባልኝ ብዬ ጃንጥላ።»

«ሶላር ቢሆንስ? ሌላ ውድድር እገባለሁ።»

«ተው» አለች መንገዷን እያየች። «ጃንጥላ ሥራው መሸፈን ነው። ማንም አይሳሳትበትም።»