ከትራሱ ሥር ያለው ብረት

አባቴ ከሞተ በኋላ ሞጣ ያለው የቤታችን ጓሮ ውስጥ የነበረችውን የቆርቆሮ ዳስ የከፈታት አልነበረም። የከፈትኳት እኔ ነኝ፤ ያውም ሆዴ ገፍቶ፣ ልወልድ እናቴ ዘንድ በመጣሁበት ሰሞን። ቢላዋ ልሠራ ነው ስላት እናቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«ገበያው ሞልቶ የለም እንዴ?»

«የገበያውን አየሁት፣ እማዬ» አልኳት። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። አገሩ ሁሉ የሚያጭደው በእሱ ማጭድ፣ የሚያርሰው በእሱ ማረሻ ነበር፤ ቤቱ ገብቶ እህል ውኃ የሚቀምስለት ግን አልነበረም። ቡዳ ነው ይሉታል። እኔ ተማርኩ፤ ብቸና ተመድቤ ኬሚስትሪ አስተማርኩ፤ እዚያው አገባሁ። ባለቤቴ የአባቴን ሥራ ያውቅ ነበር። ለእናቱ ግን «ጋራዥ አለው» ብሎ ነገራቸው። አባቴ የሚቀጠቅጠው ከመኪና የወለቀ ባሌስትራ ስለነበር፣ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም ብሎ ይከራከረኝ ነበር። ያኔ እስቅ ነበር።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ አባቴ ቢላዋ ላከልኝ። በእኛ ዘንድ አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ከትራሷም ሥር ብረት አይጠፋም፣ ክፉ ነገር ሕፃኑን እንዳይቀርበው። ቢላዋው ጥቁር ነበር፤ የመዶሻው ምት በላዩ ይታያል፤ እጀታው ቀንድ ነው። የባለቤቴ እናት አገላብጠው አዩት። ከጋራዥ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይወጣ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ትራሴን ሳነሣ ከሥሩ ያገኘሁት ባለቀይ ፕላስቲክ እጀታ የሱቅ ቢላዋ ነበር። እሳቸው እንደለወጡት ገባኝ። ደክሞኝ ነበር። ደግሞስ ብረት ብረት ነው ብዬ ተውኩት።

ልጄ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ጡት መያዝ ተወ፣ ገላው ጋለ፣ ጤና ጣቢያ ስንደርስ አልፎ ነበር። ኢንፌክሽን ነው አሉን። አምናለሁ፤ ቢላዋ ኢንፌክሽን እንደማይከለክልም አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ትራስ ባየሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው ከሥሩ ይገባል። ክፍል ውስጥ ቆሜ ስለ ዝገት እያስተማርኩ፣ ያ ቢላዋ አሁን የት ይሆን እያልኩ ቃል ይጠፋኛል። አባቴ ለልቅሶ መጥቶ ሰነበተና ተመለሰ። ስለ ቢላዋው አልጠየቀኝም። በዓመቱ ሳንባውን ታሞ ሞተ።

ዳሷ ውስጥ ጉጠቱ መስፉ ላይ ተጋድሟል፤ ብረት የሚቀጠቅጥበት ያ መስፍ ራሱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ለምሳ ወጣ ያለ ሰው ቤት ይመስላል። የሚሆነኝን ባሌስትራ ስፈልግ ከመደርደሪያው ጥግ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ገባ። ፈታሁት። ያው ጥቁር ቢላዋ፣ ያው የቀንድ እጀታ። ዝጓል፤ አመድ ደርቆበታል።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ለልቅሶው የሄድን ጊዜ ከጓሯችሁ አመድ መድፊያ ላይ አገኘው» አለችኝ። «በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ አመጣው። ማየቴን እንዳትነግሪያት፣ ታፍራለች አለኝ።»

እኔ እንዳላፍር! የእጁን ሥራ ከአመድ ላይ ያነሣው እሱ፣ የሚያፍረው ደግሞ ለእኔ። የባለቤቴን እናት እንደዚያን ቀን ጠልቻቸው አላውቅም።

«በቃ፣ ይኸንኑ ወልውለሽ ከትራስሽ አድርጊው» አለች እናቴ።

«አይሆንም። የእሱ አንዴ ተጥሏል። ከእንግዲህ የሚጣል ካለ የእኔ ይጣል።»

እናቴ እንደ ድሮዋ ወናፉ ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከሰሉን አቀጣጠልኩ። የአባቴ የቆዳ ሽርጥ ሆዴ ላይ አልታሰር ቢለኝ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግኩት። ወናፉ አየር ሲስብ ያፏጫል፣ ሲተፋ ያቃስታል። አባቴ በመጨረሻው ወር እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው። ደጋግሜ ወደ ኋላ ዞርኩ። የጋለውን ባሌስትራ ስመታው በመርዘም ፈንታ ይጣመማል፤ ሳቀናው በሌላ በኩል ይጣመማል። በርዶ ሲጠቁርም መምታቴን አላቆምኩም። «የጠቆረ ብረት አትምቺ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ለራሱ «አትምታ» እያለ የሚናገረው ነገር ነበር፤ ልጅ ሆኜ በሩ ጋ ቆሜ እሰማው ነበር። ቀና ስል እናቴ ወናፉን አቁማ ወደ በሩ ታያለች።

«ምን አየሽ?»

«ምንም» አለችና መንፋቷን ቀጠለች።

ቅርጽ የሚመስል ነገር ሲወጣለት አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት። አባቴ የሚያስነካው ስለቱን ብቻ ነበር፤ ያውም ቀስ ብሎ። እኔ ቸኩዬ እስከ እጀታው ድረስ ደፈቅኩት። ውኃው ከተንጫጫ በኋላ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ጠርሙስ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት። ሳወጣው ከጀርባው እስከ መሃሉ ተሰንጥቋል። ብርቱ ሰው ቢቆርጥበት ለሁለት ይሆናል። አለቀስኩ፤ ከዚያም ሞረድ አንሥቼ ስለቱን አወጣሁለት፣ እጀታውን ከሽርጡ በቆረጥኩት ጠፍር ጠመጠምኩት። ከትራስ ሥር ለሚቀመጥ ምን ይቆረጥበታል?

ሴት ልጅ ወለድኩ። የባለቤቴ እናት የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘው ከብቸና መጡ። ሕፃኗን ስመው ሳይቀመጡ፣ «ብረት አላት?» አሉ።

«አላት፣ እማማ። እኔው ነኝ የሠራሁት፤ በአባቴ መዶሻ።»

አዩኝ። ከዘንቢላቸው አፍ ቀይ የፕላስቲክ እጀታ ብቅ ብሏል። እሳቸው ነጠላቸውን ጣል አደረጉበትና ወንበር ሳቡ። ከዚያ ጀምሮ እንቅልፍ አልተኛሁም ማለት ይቻላል። ባንቀላፋ እንኳ አንድ እጄ ከትራሱ ሥር፣ ቢላዋው ላይ ነው።

ሰባተኛው ቀን መጣ። የጣሪያው ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ይንጣጣል፤ እናቴ ገበያ ወጥታለች። ሳላውቀው እንቅልፍ ጣለኝ። ስባንን እጄ ከጎኔ ወድቋል። በድንጋጤ ከትራሱ ሥር ሰደድኩት፤ የሌላ ሰው እጅ አገኘሁ።

የባለቤቴ እናት ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ትራሱ ሥር ገብቷል። ቢላዋውን ጨብጠውታል። አንጓቸውን ያዝኩ።

«ይተዉት! እማማ፣ ይኼን እንኳ ይተዉልኝ!»

«ላወጣው አይደለም፣ ልጄ» አሉ። «አለ ወይ ብዬ ነው። አንቺ ባንቀላፋሽ ቁጥር ስዳስሰው ነው የሰነበትኩት።»

«ያን ጊዜ የጣልኩት እኔ ነኝ። ልጁ ከሞተ በኋላ አመዱ ላይ ብፈልገው አጣሁት።»

ይህን ከአፋቸው የሰማሁ ቀን የምናገረውን ስንት ጊዜ አሰናድቼ ነበር! ሕፃኗ ነቃችና ጡት ፍለጋ ትታገል ጀመር። አንጓቸውን ለቀቅኩ፤ በሁለት እጄ አነሣኋት። ያዘች፤ ጠንክራ ሳበች።

የእሳቸው እጅ ከትራሱ ሥር አልወጣም። ይውጣም አላልኩም።