የአባቴ ጆሮና ሁለቱ ሣጥኖች

አባቴ አይሰማም ብሎ ደፍሮ የሚናገር ሰው በቤታችን አልነበረም። ቤታችን ማለት እሱና እኔ ነን፤ እናቴ ካረፈች ቆይታለች፣ እኔም ባል አላገባሁም፣ አምቦ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። አባቴ ዕድሜውን የፈጀው መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ድንጋይ በፈንጂ የሚያፈርስ ቡድን አለቃ ነበር። ከዚያ ሁሉ ፍንዳታ በኋላ ጆሮው ቢደክም ምን ይገርማል? እሱ ግን ደከመኝ የሚል ሰው አይደለም። ጥፋቱን በሌላው ላይ ያደርገው ነበር። «የዘንድሮ ሰው አፉን ከፍቶ አያወራም» ይላል። «ዜና አንባቢው እንኳ ምሳ የበላ አይመስልም።»

ትልቅ ሰውን «አትሰማም» ማለት ደግሞ በኛ ዘንድ «አርጅተሃል፣ ዞር በል» ከማለት አይለይም። ስለዚህ ዝም አልኩ። አንድ ነገር ጠይቄው መልስ ካልሰጠኝ «ፈቅዷል» ብዬ እወስደው ነበር። ያን ዓመት እንደ ልቤ የሆንኩት ሁሉ በአባቴ ፈቃድ ነው።

ዝም ማለት ያቃተኝ በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ራዲዮኑ። ጊዜው የደርግ ነው፤ ሰው የውጭ ጣቢያ የሚያዳምጠው ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ራዲዮኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር። አባቴ ግን ያንኑ ጣቢያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ለመንደሩ ያሰማል። ጎረቤቶቻችን በዚያ ሰዓት አጥራችን ሥር ሥራ ይበዛባቸው ነበር፤ አንዷ ጎመን ትቀነጥሳለች፣ አንዱ ትናንት የተከለውን ችካል ነቅሎ መልሶ ይተክላል። አንድ ቀን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ መጣና በር ላይ ቆሞ፣ ጠብመንጃውን ተደግፎ፣ ዜናውን እስኪያልቅ አዳመጠ። ሲያልቅ «ጓድ መምህርት፣ ይሄ ነገር ቀስ ቢል ይሻላል» ብሎኝ ሄደ። እኔም ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። አባቴ ጉደር የሚኖሩ አንድ ወዳጅ ነበሩት፤ አብረውት ፈንጂ ያጠመዱ፣ ከአንድ ሳህን የበሉ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲመጡ ከኛ ቤት ይውላሉ፤ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያደባለቁ ሲሳሳቁ ይመሻል። ድንገት ቀሩ። ለካ መናኸሪያው አጠገብ ከኋላው ሆነው ቢጠሩት አባቴ ዞር ሳይል አልፏቸዋል። ደግመው ቢጠሩትም ያው። «ጡረታ አኮራው» ብለው ተቀየሙ። አባቴ ደግሞ «ሰው ሲያረጅ ወዳጁ ይሸሸዋል» ብሎ ተቀየመ። «ጆሮህ ነው እኮ» ብዬ ብነግረው ነገሩ ያኔውኑ ያልቅ ነበር፤ ግን በየት አፌ ልበለው? ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይቀመጥ ነበር።

መጀመሪያ የጆሮ ማዳመጫ ከሰው ተውሼ አመጣሁለት። «የስልክ ቤት ሠራተኛ መሰልኩሽ?» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ከፊቱ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ቀስ ብሎ እሱን ብቻ የሚያሰማ ድምፅ ማጉያ ላሠራ የቆረጥኩት። ለማን ነው ብሎ ከጠየቀኝ ደግሞ «ለራሴ ነው» እላለሁ።

መናኸሪያው ጎን ራዲዮ የሚጠግን፣ አፉ ከእጁ የሚፈጥን ጎረምሳ ነበር። መርካቶ ወርዶ ድምፅ ማጉያውን፣ ሽቦውን፣ ብሎኑን አንድ ላይ በካርቶን አስሮ ያመጣል፤ ሣጥኑን ገዢው ያሠራና ይገጥመዋል። ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። አንዱ የቀበሌው ጣሪያ ላይ ያለውን ጡሩምባ የሚመስል ነው። አንዱ ከአውቶቡስ የተፈታ፣ የወጥ ሳህን የሚያክል። ሦስተኛው ጥንድ ነው፤ ሁለቱም ከስኒ ማስቀመጫ አይበልጡም።

«ይሄን ውሰጂ» አለኝ ጡሩምባውን እየደበደበ። «ጉደር ድረስ ይሰማል።»

«ጉደርን ምን አድርጊ ትለኛለህ? ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ብቻ ይስማ።»

«ለአንድ ወንበር?» አለ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

እኔ ከቦርሳዬ ጥጥ አወጣሁና ሁለቱንም ጆሮዬን ደፈንኩ። የአባቴን ጆሮ ተውሼ መሄድ አልችልም፤ ያለኝ ዘዴ ይኸው ነበር። ጎረምሳው ለአውቶቡስ ሰልፈኞቹ «ጉድ እዩ፣ ድምፅ ልትመርጥ መጥታ ጆሮዋን ትደፍናለች» ሲል በጥጡም ውስጥ ሰማሁት። ጡሩምባውን ሲከፍትልኝ ጩኸት እንጂ ቃል አልነበረውም። የአውቶቡሱ ደረቴን አንቀጠቀጠው፤ ዜና ይሁን ዘፈን አልለየሁም። ትንንሾቹን ግራና ቀኝ አስቀምጦ፣ አጎንብሼ መካከላቸው ስገባ ግን አንባቢው ጉንጬ ላይ ተቀምጦ የሚያወራ መሰለኝ። እያንዳንዷን ቃል ለየኋት፤ ያውም ሰልፈኞቹ ሳይሰሙ። «እነዚህን» አልኩት። «ደንቆሮ የሰማ ዕለት ያብዳል» አለኝ ጎረምሳው፤ ለማን እንደምገዛ ሳያውቅ።

የቀረው ሣጥኑ ነው። ምክር ሰጪ አልጠፋም፤ እንስራ ውስጥ ክተቺው ያለኝም አለ። ጎረምሳው ግን ደረቅና ወፍራም ሳንቃ ካልሆነ ድምፁ ይንቀጠቀጣል አለ። ያን ሰሞን አምቦ ውስጥ ደረቅ ሳንቃ የሚገኘው ከአንድ ሰው ቤት ብቻ ነበር፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ታች የሬሳ ሣጥን ከሚሠሩት አናጢ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ» አሉኝ አናጢው። ልኩን በእጄ ሳሳያቸው ፊታቸው ጠቆረ። «የስንት ዓመት ልጅ ነው?»

«ልጅ አይደለም ጋሼ፣ ለአባቴ ነው።»

«ታዲያ በዚህ ልክ እንዴት ይበቃቸዋል?»

ሳስረዳቸው እፎይ ብለው ተቀበሉኝ። ክቡን ቀዳዳ ጎረምሳው በኋላ ስለሚቆርጠው ዙሪያውን ድፍን አድርገው እንዲሠሩት ነገርኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት ስሄድ ሁለቱም ደርሰዋል፤ አሠራራቸው እንከን የለውም። ግን ጥቁር ከፋይ አልብሰው፣ ጠርዙን በነጭ ሪባን ዙሪያውን መትተውታል። «ምን ላድርግ፣ እጄ ለምዶ ነው» አሉኝ። አቧራ እንዳይነካቸው በነጠላዬ ሸፍኜ አቀፍኳቸውና ወደ ቤት ወጣሁ። መንገድ ላይ ወንዶች ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ አንድ ሰውዬ ከበቅሎው ወረደልኝ። እኔ ደግሞ የዋህ፣ ለመምህር ያለው ክብር ተመለሰ ብዬ ደስ አለኝ።

ቤት ስደርስ ሣጥኖቹን ከነነጠላው ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ለአባቴ ነገርኩት፤ እሱም በጭንቅላቱ እሺ አለኝ፣ ማለትም አልሰማም። ከዚያ ጎረምሳውን ልጠራ ሄድኩ። ሥራ በዝቶበት እስከ ከሰዓት አስጠበቀኝ።

መጋዙንና ካርቶኑን አሸክሜው ስመለስ ግቢያችን በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ አጥሩን ተደግፈው አቀርቅረዋል፤ የእድራችን ሴቶች አለቃ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ቆማለች። በቤቱ የተውኩት አንድ ሰው ነው። «አባዬን!» ብዬ ጮኽኩ። ሴቶቹ ይህንን ሲጠብቁ ኖረው ለቅሶውን አብረው አቀለጡት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ያለቀስኩት ከአንጀቴ ነበር።

እየተደናበርኩ ስገባ አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። የአንዱን ሽማግሌ ክንድ ይዞ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ፣ ሁላችንም ሟች ነን» እያለ ያጽናናቸዋል። ሰው ሁሉ ለለቅሶ መምጣቱን በዓይኑ አይቷል። ማን እንደ ሞተ ግን አላወቀም፤ ቢጠይቅም መልሱን እንደማይሰማ ያውቃል። ስለዚህ ባለ ሐዘኖቹ እነሱ ናቸው ብሎ ወስኖ የመጣውን ሁሉ ሲያጽናና ነው የዋለው። እነሱ ደግሞ «እንዴት ያለ ጽኑ ሰው ነው» እያሉ ይብሱን ያለቅሳሉ።

ጉልበቱን አቀፍኩት። «በቃ ልጄ፣ ሰው ይጽናናል» አለኝ፣ ጀርባዬን ቸብ ቸብ እያደረገ።

«ማነው የሞተው?» ብዬ ዞርኩ። ሁሉም ጠረጴዛውን አየ። የሴቶቹ አለቃ ተጠጋችኝና «መንታ ናቸው አሉ» አለች በሹክሹክታ። «ለኛ ብትነግሪን ምን ነበረበት? እኛ እንደሆንን ሰው አናማ።» ይህን የምትለኝ፣ በቀደም ዕለት ከቁርስ እስከ ምሳ የጎረቤቷን ትዳር ስታማልኝ የዋለች ሴት ናት።

አፌን ሳልከፍት ጎረምሳው፣ ከሥራው በቀር ምንም የማይታየው ፍጡር፣ ነጠላውን ገፈፈና በእርሳስ ክብ አሰምሮ መጋዙን አንደኛው ሣጥን ላይ አሳረፈ። ቤቱ ተናወጠ። ሁለት ሽማግሎች እጁን ያዙት፣ አንዲት ሴት ራሷን ስታ ሰፌዱ ላይ ልትወድቅ ለትንሽ ተረፈች። እኔ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን አሳየኋቸው። ባዶ ነው።

«ሕፃናቱስ?» አለች የሴቶቹ አለቃ፣ ቅር ያላት ትመስላለች።

«ሕፃን የለም። የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ነው።»

«ታዲያ ንፍሮው?»

የተቀቀለ ንፍሮ ወደ ጆንያው አይመለስም፤ ይበላል። ሰዉም ያለቀስንለትን ነገር ሳንሰማ አንሄድም ብሎ ተቀመጠ። ችካል የሚተክለው ጎረቤታችን ብቻ በጭንቀት ጠየቀኝ፦ «እና ከእንግዲህ እኛ አንሰማም ማለት ነው?» ጎረምሳው ቀዳዳውን ቆርጦ፣ ውስጡን ጥጥ ሞልቶ፣ ማጉያዎቹን ገጥሞ በሽቦ ከራዲዮናችን ጋር አገናኘ። ራዲዮናችን ካሴት ይጫወታል፣ ድምፅም ይቀዳል፤ ልሞክረው ብሎ የቤቱን ጫጫታ መቅዳት ጀመረ።

በዚህ መሐል በር ላይ «ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜን» የሚል የወንድ ለቅሶ ተሰማ። የጉደሩ ሰውዬ ናቸው። አውቶቡሱ ወሬውን «አባቷ ሞተ» አድርጎ ጉደር አድርሶታል፤ ሞት ሲመጣ ደግሞ ቅያሜ በር ላይ ይቀራል። ነገሩን ስነግራቸው እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ፊታቸው ተለወጠ። አባቴ ሲያያቸው በደስታ ተነስቶ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ሲያሸሹበት ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ለሳንቃ ነው ያለቀስኩት?» አሉኝ። «ይሁን። አንድ ነገር ግን ንገሪልኝ። መናኸሪያው ጋ 'ወንድሜ' ብዬ ጠራሁት፣ ደግሜም 'ወንድሜ' ብዬ ጠራሁት፤ እንደ ድንጋይ አለፈኝ። ምን በደልኩት? ይህን ንገሪውና ልሂድ።»

መናገር ነበረብኝ። ግን እድሩ በሙሉ ተቀምጦ፣ አባቴን «አይሰማም» ልበል? እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ዞሩ።

ጎረምሳው ያን ጊዜ ነው ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ ያጫወተው። ሁለቱ ሣጥኖች የአባቴ ፊት ግራና ቀኝ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ናቸው። የተቀዳው የሰውዬው ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር፤ በሩ ላይ ያሉት አይሰሙትም። አባቴ ግን ቀና አለ። እጁን አንደኛው ሣጥን ላይ አኖረ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጠርተኸኝ ነበር?» አለ ጮክ ብሎ። «አልሰማሁህም። ከኋላዬ የሚጠራኝን ሰው አልሰማም። ከፊቴም ብዙውን አልሰማም። እንዲህ ከሆንኩ ቆየሁ።»

የጉደሩ ሰውዬ ከበሩ ተመለሱ፣ በርጩማ ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። «እንግዲያ የደነቆረው ጆሮህ ነው እንጂ ልብህ አይደለማ» አሉት። አባቴ እኔን አየኝ፤ አልሰማም። እኔም ራዲዮኑን ወደ እሳቸው አፍ ገፋ አድርጌ ያንኑ አስደገምኳቸውና ቀድቼ አሰማሁት። ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«ይሄ ደህና ነው» አለኝ ሳቁን ሲጨርስ። «ያንን የመጀመሪያውን ግን ድገሚልኝ።»

«የቱን አባዬ?» አልኩት፣ ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ።

«ወንድሜ ያለበትን።»

ንፍሮው እስኪያልቅ ደጋገምኩለት።