መሬት ላይ የተጣለው ዛብ

የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው፣ ሳምንቱን አሌክሳንድሪያ ታክሲ ነድተው እሁድ እሁድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጣ ብሎ ወዳለ የፈረስ ጋጣ ይሄዱ ነበር። እዚያ ባዝራ ፈረስ ነበረቻቸው። ቀንድ ያለውን የካውቦይ ኮርቻ ይጭኑባታል እንጂ አስረዋት አያውቁም። የልጓሟን ዛብ መሬት ላይ ጥለው፣ አንገቷን መታ አድርገው «መጣሁ» ይሏታል፤ እስኪመለሱ ንቅንቅ አትልም።

«ጋሼ፣ ብትሄድብዎትስ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ትሬይን ሳደርጋት መጀመሪያ ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ቶሎ እመለስ ነበር። መመለሴን ስለለመደች ነው የምትቆመው። አንድ ቀን ከቀረሁባት ግን አበቃ።»

ባለፈው መጋቢት ዛቡን ጥለው፣ ብሩሽ ሊያመጡ ዕቃ ቤት ገቡ። ልባቸው እዚያው ቀጥ አለ። የጋጣው ባለቤት ኮል አድርጋኝ ስደርስ አምቡላንሱ ወስዷቸዋል። ባዝራዋ ኮርቻዋን እንደተጫነች፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ዓይኗን ከዕቃ ቤቱ በር ሳትነቅል ቆማለች። ዛቡን ያነሳሁት እኔ ነኝ። እየሳብኳት እንኳ ወደ በሩ ዞር ዞር ትል ነበር።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ሳይሰቃዩ ነው የሄዱት» ይለኛል። እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ምንም አይጠቅመኝም።

አሁን እሁድ እሁድ የምሄደው እኔ ነኝ። እንደሳቸው ዛቡን ጥዬ፣ አንገቷን መታ አድርጌ «መጣሁ» እላታለሁ። አትቆምም። ዛቡን መሬት ለመሬት እየጎተተች እግር በእግር ትከተለኛለች።

እንደ አዲስ ላስለምዳት እችል ይሆናል። ግን በምን አፌ «ሁሌም እመለሳለሁ» ልበላት?