ከቁና በታች ያለ እህል

የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት አቋቁሜ ለብዙ ዓመታት ስመራ፣ አዲስ የሚቀጠሩ ወጣቶች ሙያውን የት እንደ ጀመርኩት ይጠይቁኝ ነበር። የተማርኩባቸውን ከተሞች ስነግራቸው ይረካሉ። መልሱ ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉም ግን አልነበረም። ሥራውን የጀመርኩት ኮምፒውተር የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ በአንድ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ይመስለኛል። «ይመስለኛል» የምለው ለትሕትና አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ ትዝታዬን በምስክርነት ማቅረብ እፈራለሁ፤ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ እንደሚናገር ደርሼበታለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን አቋርጬ ወደ ትውልድ ከተማዬ ብመለስ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሒሳብ ያጠና ሰው ነው ብሎ የወፍጮ ቤቱ ተራ አስከባሪ አደረገኝ። ወፍጮው ለከተማውም፣ ከአምባሰል ለሚወርዱትም፣ ከአርዲቦ ዙሪያ ለሚመጡትም ያው አንዱ ነበር። ሰዉ ስልቻውን በመስመር ይደረድርና ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል፤ የሚሰለፈው እህሉ ነው። ናፍጣው አንዳንድ ቀን ከቀትር አያልፍም፤ ስለዚህ ከኋላ ያለ ሰው ጆሮው ከሞተሩ አይነቀልም። እኔም መቀመጥ አልችልም ነበር። ከደጃፉ እስከ መስመሩ ጫፍ ስመላለስ እውላለሁ።

የሊቀ መንበሩ ደንብ አጭር ነበር፦ ከቅሬ በስተቀር ተራ የሚሰብር አይኑር። ቅሬ በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ሬሳውን በጋራ የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ሐዘን ከገባበት ቤት የተላከ ሰው «የቅሬ ነው» ካለ፣ ማንም ሳያዘው ሁሉም ስልቻውን ወደ ኋላ ይስባል። ለቀስተኛ ጦሙን አይመለስምና። ይህ ከደርግም ከሊቀ መንበሩም በፊት የነበረ ነገር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ከአምባሰል በኩል የመጣች ሴት ትንሽ አቁማዳ አንጠልጥላ በቀጥታ ወደ ደጃፉ መጣች። አቁማዳው ውስጥ ማሽላ ነበር፤ ወይም ገብስ።

«እንግዳ አለብኝ» አለችኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እንግዳ ያለበት ሰው ቅድሚያ የለውም። ይህንኑ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ከመስመሩ ፊት የነበሩ አንዲት አሮጊት ስልቻቸውን በእግራቸው ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁላት። ቀጥሎ ያለው ሰውዬም የራሱን ሳበ። ጠመንጃውን ታቅፎ በሩ ላይ የቆመው አብዮት ጥበቃ ግን አየ።

«የምን እንግዳ ነው?» አላት።

«የሩቅ ዘመድ ነው፣ ጓድ።»

«ስንት ናቸው?»

«ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ።»

አሮጊቷ በአጠገቤ ሲያልፉ «ልጇን ደሴ ላይ... ዝም በል፣ ልጄ» አሉኝ። ያኔ ገባኝ። በዚያ ዘመን መንግሥት ለገደለው ሰው ማልቀስ ያስጠይቅ ነበር። «የቅሬ ነው» ብትል ሬሳው የማን እንደሆነ ትጠየቃለች። ጥበቃው ጥያቄውን ከቀጠለ ደግሞ ሰበብ እየፈጠሩ ወደ ቤቷ የሚገቡት ሰዎች ሁሉ ለቀስተኞች መሆናቸው ይታወቃል።

«ከዛሬ ጀምሮ ከአንድ ቁና በታች የሆነ እህል ይቀድማል» አልኩ ወደ ጥበቃው ዞሬ። «ወፍጮው በትንሽ እህል ሲሟሟቅ ድንጋዩ አይጎዳም።»

«ማን አለ?»

«ጥናት ነው።»

ጥበቃው ወደ ወፍጮ ፈጪው ዞረ። «እውነት ነው?»

ፈጪው ዱቄት ከለበሰው ሽፋሽፍቱ ሥር ለአፍታ አየኝ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም።

«እንዴታ» አለ። «ድንጋይም እኮ ቁርሱ ቀለል ሲል ይወዳል።»

ሴትዮዋ አስፈጭታ ሄደች።

ደንቡን የተናገርኩት የአሮጊቷን ቃል ከሰማሁ በኋላ ነው ብዬ ጻፍኩ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም። ምናልባት ጭቅጭቁን ለማብረድ ያህል ተናግሬው፣ ምክንያቱን የሰማሁት በማግስቱ ይሆናል። የመጀመሪያው ከሆነ ደግ ሠርቻለሁ፤ ሁለተኛው ከሆነ ዕድል ረድቶኛል። ለሁለቱም ምስክር የለኝም።

ቀጥሎ የመጣውን ግን አልጠራጠርም። ሳምንት ሳይሞላ ወፍጮ ቤቱ በትናንሽ አቁማዳ ተጥለቀለቀ። አንድ የከተማው ነጋዴ ሦስት ተሸክሞ መጣ።

«የማን የማን ነው?» አልኩት።

«አንዱ የኔ፣ አንዱ የባለቤቴ፣ አንዱ የአማቴ።»

«አማትህማ ዐምና ሞተዋል። ቀብራቸው ላይ ነበርኩ እኮ፣ አያ።»

«እሳቸውማ ሞተዋል። አቁማዳቸው ግን ደኅና ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ደንቡን ባነሣው ለማን ብዬ እንዳወጣሁት ይታወቃል፤ ሴትዮዋም ለቀስተኛ አላለቀላትምና ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም። እንዳለ ብተወው ደግሞ ባለ ትልቅ ስልቻው ቀኑን ሙሉ ውሎ ሳያስፈጭ ይመለሳል። ስለዚህ ለአንድ ቤት አንድ አቁማዳ አልኩ፤ ሰዉ በጎረቤቱ እጅ መላክ ጀመረ። ከጥቂት ትናንሾች በኋላ አንድ ትልቅ ይግባ አልኩ፤ ትልቁን ማን ይቅደም በሚል ጠብ ተነሣ። አንዱን ቀዳዳ ስደፍን ሌላው ይከፈታል። ሥራ ስንፈታ ለብቻዬ እያጉተመተምኩ በሐይቁ ዳር እዞራለሁ።

«ከማን ጋር ነው የምትሟገተው?» ብሎ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታንኳው ላይ ጠየቀኝ።

«ከአቁማዳ ጋር።»

«ታዲያ ማን እያሸነፈ ነው?»

ይህ አመል ዕድሜ ልኬን አልለቀቀኝም። በድርጅቴም ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ነገር የለም፤ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተንቆራጠጥኩ፣ አንድ ደንብ ሲጻፍ መጀመሪያ ማን እንደሚያጭበረብርበት፣ ቀጥሎ ደግሞ ምክንያቱን መናገር የማይችል ሰው ቢመጣ የት እንደሚቆም እጠይቅ ነበር። ለአንድ ክሊኒክ የተራ ማስከበሪያ ፕሮግራም ስንሠራ፣ ምክንያት ሳይጻፍ ቅድሚያ የሚሰጥበት ቦታ ይኑር ብዬ ደንበኛውንም ሠራተኞቼንም አስቆጥቻለሁ። ግትር ነው ይሉኝ ነበር። አልተሳሳቱም።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ልመለስ። ሴትዮዋ በድጋሚ ስትመጣ አላነጋገረችኝም። አቁማዳዋን ከሌሎቹ ትናንሾች መካከል አስቀምጣ ዞር አለች። ጥበቃው በመስመሩ አጠገብ አለፈ፤ ከዚያ ሁሉ አቁማዳ መካከል የእሷን ለይቶ ሊያይ አልቻለም። እንቅልፍ የነሣኝ የሰዉ ብልጣ ብልጥነት ለእሷ መደበቂያ ሆኖላት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዳዳ መድፈኑን ተውኩ። ሊቀ መንበሩ ጠርቶ ሲቆጣኝ እንኳ «እያጠናሁት ነው» እያልኩ ጊዜ ገዛሁ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሴትዮዋ በአህያ ሙሉ ጆንያ ጭና መጣች፤ ለቀስተኛው እንዳለቀላት ከጆንያው ገባኝ። ጆንያውን አውርዳ ከመስመሩ ጭራ አስቀመጠችና ከሰዉ ጋር ጥላ ሥር ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ ጥበቃው ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ያ ደንብህ አሁን ቢነሣ አይሻልም?»

«ምነው?»

«ሰዉ ጆንያውን እየቀደደ አቁማዳ ሲሰፋ ሊያልቅ ነው።»

ሲናገር ዓይኑ ጥላው ሥር ወደ ተቀመጡት ነበር። ወደ እሷ ይመልከት ወደ ሌላ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው ያውቅ እንደሆነም፣ ዛሬም አላውቅም። ደንቡን በዚያው ሰዓት አነሣሁ። የሴትዮዋ ተራ ሳይደርስ ናፍጣው አለቀ፤ እሷም እንደማንኛውም ሰው ነገ ነይ ተባለች።