«ውጤት የለም» ያለው ገጽ

ጎንደር ፒያሳ አጠገብ በተከራየሁት አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ፕሮግራም እጽፍ ነበር። ባልደረቦቼ ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው፤ የምንገናኘው በጽሑፍ ብቻ ነው። ከባለሱቁ በቀር ከሰው ጋር ሳልነጋገር የሚያልፍ ሳምንት አለ።

አንድ ቀን ትክል ድንጋይ ከምትባል ትንሽ ከተማ፣ የምርመራ ውጤት የሚያሳየውን ፕሮግራማችንን ከሚጠቀም ጤና ጣቢያ ስሞታ መጣ። ጎንደር የተመረመረ ደም ውጤቱ ተልኮ እያለ የእነሱ ኮምፒውተር «ውጤት የለም» ይላል። እኔ ቤት ስሞክረው ግን ደህና ይሠራል። በማግስቱ በሚኒባስ ሄድኩ።

ስደርስ ነርሷ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ታነጋግራለች።

«አያ፣ ዛሬም የለም ይላል።»

«ምነው? የሚስቴ ደም የት ገባ በሏ!»

ወንበሯን ለቀቀችልኝና ኮዱን ከፈትኩት። ገጹ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ጃቫስክሪፕት፣ ጥያቄውን ወደ ጎንደር ከላከ በኋላ መልሱን ቆሞ አይጠብቅም፤ ጠብቅ ካላሉት ሌላ ሥራውን ይቀጥላል። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ገጹ ለአፍታ ብቻ እንዲታገሥ አድርጎ ጽፎታል። ከተማ ውስጥ ያ አፍታ ይበቃል። እዚህ ግን ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ መልሱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ገጹ «የለም» ብሎ ይዘጋል።

መልሱ እስኪደርስ የሚያስጠብቀውን «አዌይት» የሚባል ትእዛዝ አስገባሁ። እስከዚያው ገጹ «እየመጣ ነው» እንዲል፣ መስመር ከተቋረጠም «አልተገናኘም፤ እንደገና ይሞክሩ» እንዲል አደረግኩ።

ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው ያዩኛል።

«ከማን ጋር ነው የምትሠራው ልጄ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ አያ።»

«ብቻ መዋልስ ሸጋ አይደለም» አሉ።

ገጹ «እየመጣ ነው» እንዳለ ብዙ ቆየ። ሁላችንም አፍጥጠን እናያለን። በመጨረሻ ውጤቱ ወጣ። ነርሷ አነበበችውና ሽማግሌውን ወደ ውስጥ ይዛቸው ገባች። ሲመለሱ ዓይናቸው እርጥብ ነው፤ ፊታቸው ግን ፈክቷል።

«የሚስቴ ሕመም መድኃኒት አለው አሉኝ። ቤቴ ቅርብ ነው፣ ና እህል ቅመስ።»

«መኪና እንዳያመልጠኝ» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ሚኒባሱ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ጎንደር የሚጠብቀኝ ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ልውረድ ብዬ አሰብኩ፤ አልወረድኩም።

ቤቴ ስገባ ለባልደረቦቼ «ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ የአውራ ጣት ምልክት ላከልኝ። ስለ ሽማግሌው ልነግራቸው ጥቂት ጻፍኩና ሳልልከው አጠፋሁት።