ለቆቋ የሚተው ሣር

አባባ፣ የአባቴ አባት፣ ጨፌውን ሲያጭዱ መሀሉ ላይ ምንጣፍ የምታህል ሣር ሳይነኩ ያልፉ ነበር። ልጅ ሆኜ ለዕረፍት ሄጄ "አባባ፣ ይቺን ረሱ!" ብዬ ስጮህ፣ "ቀስ በይ! ቆቋ እንቁላሏን ታቅፋለች፤ የሣሯን ባለቤት ታስደነግጫለሽ" አሉኝ።

አባቴና አጎቴ ግን እዚህ ዶሃ ሹፌሮች ናቸው። አገር ቤት አብሯቸው የሚያጭድ ጠፋ፤ ከብቶቹም ተሸጡ። ባሕር ዛፍ ግን አጫጅ አይፈልግም፤ አባቴ ጨፌው ላይ እንዲተከል ፈለገ። "ያላ፣ በይ አንቺ ለአባባ ጻፊላቸው፤ ያንቺን ቃል አይመልሱም" አለኝ አባቴ። እዚሁ ዶሃ፣ መንሱራ ሰፈር ካለችው ክፍላችን የመጀመሪያዬን ረጅም የአማርኛ ደብዳቤ ጻፍኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አባባም አስነብበው ጨፌው ላይ ባሕር ዛፍ ተከሉ።

በሁለት ዓመቱ ጨፌው ደረቀ፤ ከዛፉ ሥርም ሣር አልበቅል አለ። እሳቸው ግን አንድም ቀን አልወቀሱኝም። ዓርብ ዓርብ ስንደውል "ያ ደብዳቤሽ እንዴት ያምር ነበር! እጅሽ ይባረክ" ይሉኛል።

ለመጨረሻ ጊዜ ስንደዋወል "ቆቆቹስ?" አልኳቸው።

"ምነው፣ ዶሃ አልመጡም እንዴ? ሰው ሁሉ እዚያ አይደል የሚሄደው!" ብለው ሳቁ።

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ይቅርታ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን መጻፍ እችል የለ? በደብዳቤ አሳምሬ ልበለው ብዬ አቆየሁት። አባቴ የአባባን ማረፍ ሲነግረኝ ጽሑፌ አላምር ብሎኝ ለሦስተኛ ጊዜ እየገለበጥኩ ነበር።